በሦስት ቁልፍ የሞተ ባትሪ

እኛ አንድን ዕቃ እንደምንወደው የሚታወቀው ስንቆልፍበት ነው። የእናንተን ቤት አላውቅም። እኔ ቤት ባለው ቡፌ ውስጥ ግን ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ስድስት ብርጭቆዎች አሉ፤ ለሠርጋችን የተሰጡን ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ውሃ ቀምሰው አያውቁም። ባለቤቴ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ፣ አንድ በአንድ እያወጣች በነጭ ጨርቅ ትወለውላቸውና መልሳ ደርድራ ቁልፉን እኔ ከማላውቀው ቦታ ትሰውረዋለች። እንግዳ ሲመጣ ጆሯቸው በተሸረፈ ኩባያዎች እንጠጣለን። እንግዳውም በቡፌው መስታወት አሻግሮ ብርጭቆዎቹን እያየ "ሲያምሩ" ይላል፤ እኛም ደስ ይለናል። ለደህና ቀን ነው ያስቀመጥናቸው። ደህናው ቀን የትኛው እንደሆነ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ብርጭቆ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ሃምሳ ዓመትም ቢቆለፍበት ብርጭቆ ነው። ሳይነካ ሲቀር የሚሞት ዕቃም አለ፤ ባትሪ እንደዚያ ነው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ገሳይ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባትሪ ስስል እጄ አይንቀጠቀጥም። በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ፣ መካከሉ እርሳስና አሲድ። "ባትሪ ሳይሠራ ቢቀመጥም ከውስጥ እያለቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መሞላት አለበት" ብዬ ያላስጻፍኩት ተማሪ በዚህ ከተማ ጥቂት ነው። ፈተና ላይም አወጣው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ አላወቅሁም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

መኪናዋ የመጣችው በኅዳር ነው፤ ከላሊበላ ተነሥታ በነፋስ መውጫ በኩል። ነጭና ረዥም ናት፤ ከኋላዋ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሣጥን፣ ይቅር በሉኝና መጸዳጃ ሳይቀር አላት። ባልና ሚስቱ ፈረንጆች ሁለቱም ፀጉራቸው የሸበተ ነበር። ሰውየው ስሙ ዮሐን እንደሆነ ቢነግረንም አንድ ፊደል የጎደለው መስሎን ዮሐንስ አልነው፤ እሱም ተቀበለ። አገራቸው የነበረውን ቤት ሸጠው ይህችን መኪና እንደገዙ፣ ከዚህ በኋላ ቤታቸው እሷ እንደሆነች ሲነግረኝ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከብቦ ነበርና አስተረጎምኩላቸው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቤቱን ሸጦ ጎማ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ለእኛ የሚያስቀና ሰው አይደለም።

የዚያን ሰሞን መንገዱ ጥሩ አልነበረም። እዚህ ለሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ሌላ ቦታ ለሚኖር ደግሞ ማብራሪያው ረዥም ነው። ብቻ ያን የመሰለ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ዓይን ትስባለች ተባሉ። ሰፊ በር ያለው ግቢና እንግሊዝኛ የሚሞክር ሰው ያለው እኔ ቤት ስለነበር መኪናዋ እኔ ግቢ ገባች። እነሱም አንድ አንድ ሻንጣ ይዘው ወደ ባሕር ዳር በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዮሐንስ ከመሄዱ በፊት የመኪናዋን ቁልፍና አንድ ገጽ ወረቀት በእጄ አስቀመጠና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ቤቴ ነው" አለኝ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ አስነሡት። ይህ ካልተቻለ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከባትሪው ላይ ጥቁሩን ገመድ ፍቱት። ናፍጣዋ ሙሉ ነው። ሰው ታሞ ወይም ሌላ ችግር መጥቶ ካስፈለገቻችሁ ተጠቀሙባት። አራት ነገር ነው፤ ልጅም ይገባዋል።

እስከ ጥር ድረስ እንደተባልኩት አደረግሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሞተሩን አስነሣና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ እየሰማሁ ሃያ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ያን ሃያ ደቂቃ እንደወደድኩት አልደብቃችሁም። ወንበሩ ወገቤን ደገፍ ያደርገኛል፤ መስታወቱ ሰፊ ነው፤ አጥሬንና የጎረቤቴን የገብስ ክምር ከከፍታ ሳይ የሌላ አገር ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መኪናዋን ግን አንድ ስንዝር አላንቀሳቀስኳትም። መንዳትም አልችል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ እያቀረበች "ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል?" አለችኝ።

"ምን ይላል?"

"'መምህር መኪናዋን እየለመዳት ነው' ይላል።"

እንጀራው አፌ ውስጥ ቆመ። ይህን አነጋገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌባ አላሉኝም። ቢሉኝ ተጣልተን ይወጣልን ነበር። እየለመዳት ነው። በሳምንቱ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው በአዘኔታ ዓይን እያየኝ "ፈረንጁ ደህና ነው? ድምፁ ጠፋ አይደል? ያው እንግዲህ ካልተመለሰ…" ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ሌላው ደግሞ "ወንበሯ ይመቻል?" አለኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ፊት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሰው በአንድ ሬዲዮ ስሜ ሊጠፋ ነው አልኩና ቆረጥኩ። የእድራችን የወሩ ስብሰባ ላይ ከወንበሬ ተነሥቼ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "አደራው የከተማው ይሁን" አልኩ። እጅግ ያማረ ንግግር ነበር። አሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

እድራችን ሦስት ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን አለው። አንደኛው ቁልፍ በእድሩ ዳኛ በአያ መልካሙ እጅ ነው፤ ሁለተኛው በቄስ ሞገስ፤ ሦስተኛው በጸሐፊው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሦስታችንም ካልተገኘን ሳጥኑ አይከፈትም፤ ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ከአባቶቻችን ጀምሮ የተሠራበት ዘዴ ነው። የመኪናዋ ቁልፍ እዚያ ይግባ ተባለ። እኔም ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው፣ አንድ ቃል ሳላስቀር።

ቄስ ሞገስ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡና "ሞተሯ ከተነሣማ ተነዳች ማለት አይደለም ወይ?" አሉ። "አጥር ማዶ ያለ ሰው የሚሰማው ድምፁን ነው። ቆማ ይሁን ሄዳ በምን ያውቃል?"

ገመዱ ይፈታ የሚለውን ደግሞ ማንም ሊሰማው አልፈለገም። የሰው አደራ ኮፈን ከፍቶ ዕቃ መፍታት! ኋላ አንድ ብሎን ቢጎድል ማን ፈታው ሊባል ነው?

አያ መልካሙ ገበሬ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ፣ እርቅ ሲቀመጡ ሁለቱም ወገን የማይማረርባቸው ሰው። ለማንም ብለው ቃል የማያጣምሙ በመሆናቸው ነው በየዓመቱ ዳኛ የምናደርጋቸው። "ሰውየው ቤቱን ነው የሰጠን" አሉ። "ሲመለስ እንደተዋት ያግኛት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ የዚህ ነገር ዕውቀቱ አንተ ዘንድ ነው። ሞተሯ ባይነሣ ምን ትሆናለች?"

ሰው ሁሉ አየኝ። ባትሪው ያልቃል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ መነሣት አለባት ብል ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ። ወንበሩ ናፈቀው ነው የሚሉት። ስለዚህ "ለጥቂት ጊዜ ምንም አትሆንም" አልኩ።

ይህ መልስ ስሕተት አይደለም። ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፈው ግማሽ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ከመሪው ኋላ አንዲት ቀይ መብራት ነበረች፤ የሌባ መጠበቂያ ናት። መኪናዋ ተቆልፋ ስትቆም ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰው ከአጥሬ ማዶ ሲያልፍ እሷን እያየ ይሄዳል። መብራቷ እስካለች ድረስ መኪናዋ ደህና ነች ብሎ የሚያምነው ብዙ ነው። አያ መልካሙ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆም ይሉና "ነቅታለች?" ይሉኛል። "ነቅታለች፣ አያ" እላለሁ። "ተመስገን" ብለው ይሄዳሉ። ያቺ መብራት ቀንም ሌትም ብልጭ ባለች ቁጥር ባትሪውን እየበላች እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር።

በመጋቢት፣ ጾሙ መካከል፣ አንድ እሑድ ጠዋት መብራቷ ጠፍታ አገኘኋት። አያ መልካሙ እንደ ልማዳቸው መጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። የዚያን ዕለት ቆይታቸው ረዘም አለ። በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው መኪናዋን አዩዋት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ተኛች፣ መምህር" አሉኝ።

"ተኛች፣ አያ" አልኩ።

ዓይን ለዓይን ትንሽ ተያየን። የሆነ ነገር ሊሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የግንቦቱን ቀን ላሳጥረው አልችልም። የአያ መልካሙ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ከማለዳው ነጠላቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ በሬን ሲመቱት እኔ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። አያ ሌሊቱን ሆዳቸውን ሲያማቸው አድረው ሲነጋ ማስታወክ ጀምረዋል። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሆዳቸው ተነፍቶ እጀ ጠባባቸው አልሸፍን ብሎ ነበር። ጤና መኮንኑ ገና ጢም ያላወጣ ትሑት ልጅ ነው፤ ሆዳቸውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ወደ ውጭ ጠራኝ። "አንጀታቸው ሳይታጠፍ አልቀረም" አለኝ። "ደብረ ታቦር ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። በቶሎ። ቀዶ ጥገና ካገኙ ይድናሉ።"

ይድናሉ ነው ያለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ደብረ ታቦር ሩቅ አገር አይደለም፤ በመኪና ሰዓት አይሞላም። በዚያ ሳምንት ግን ከገሳይ የሚወጣም የሚገባም ተሽከርካሪ አልነበረም። አምቡላንሱ ከተዘጋው መንገድ ማዶ ቀርቷል። ባጃጆቹ ቤንዚን ካዩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ሕመምተኛ የያዘ መኪና ነጭ ጨርቅ ካሰረ መንገዱን የዘጉት ሰዎች እንደሚያሳልፉት ግን ይታወቅ ነበር፤ የሌለው መኪናው ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አሰበ። ናፍጣዋ ሙሉ የሆነች፣ አልጋ ሳይቀር ያላት መኪና እኔ ግቢ ቆማለች። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ዮሐንስን መረቁት።

ሳጥኑ መጣ። እድሩ ቤት ድረስ ሄደው አራት ሰው ተሸክመው ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ከአያ መልካሙ አልጋ አጠገብ አስቀመጡት። ቄስ ሞገስ ቁልፋቸውን አስገቡ፤ እኔም አስገባሁ። የቀረው ቁልፍ በአያ መልካሙ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሮ ነው የሚውለው። እትዬ ጥሩወርቅ ክሩን ሊፈቱት ቢሞክሩ ቋጠሮው ጠበቀባቸው። ጤና መኮንኑ በመቀስ ቆረጠላቸው። አያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሦስታችንም አለን?" አሉ።

"አለን፣ አያ።"

"እንግዲያ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው፣ መምህር። ለሕመም ነው የተከፈተ በል።"

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍኩ። ሦስታችንም ፈረምን። አያ መልካሙ ተኝተው ነው የፈረሙት፤ ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ተንሸራትቷል።

አበጀ የሚባል ሾፌር አለን፤ የሚነዳው አይሱዙ ነዳጅ አጥቶ ቆሞበት ነበር። እሱ ግቢዬ መጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባና ቁልፉን አዞረ። ምንም። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እንኳ ጠቅ አላለም፤ ከመሪው ኋላ አንዲት መብራት አልበራችም። ደግሞ አዞረ። ግቢዬ ውስጥ ሃምሳ ያህል ሰው ቆሞ ነበር። አበጀ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር፣ ይህ ባትሪ የሞተ መቼ ነው?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።

በመጋቢት ነው። ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነበር፤ ሲደረግ ግን እንደዚያ አይመስልም። ቄስ ሞገስ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ባትሪ አለው አሉና ሰው ሮጦ አመጣው። ባትሪው በሶላር የሚሞላ ትንሽ ነገር ነው። በወፍራም ገመድ ሲያገናኙት መብራቷ ብልጭ አለች፤ ሰውም እልል ሊል ነበር። ሞተሪኖው ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ አለና ዝም አለ። በግፊ እንሞክራት ተባለ። አፍንጫዋ ወደ አጥሩ ዞሮ ስለነበር መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ በበሩ አውጥቶ ወደ መንገዱ መግፋት ነበረበት፤ የሌሊቱ ዝናብ ያለሰለሰው መሬት ጎማዋን ዋጠው። ድንጋይ አነጠፍን፤ የጎረቤቴን የአጥር እንጨት ነቅለን አስገባንባት። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ሃምሳው ሰው ሠላሳ ሜትር፣ ደግሞ ሠላሳ ሜትር ገፋት። አበጀ ማርሽ እያስገባ ሲለቅ መኪናዋ ትንገጫገጭና ትቆማለች። በመጨረሻ ወርዶ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "የዘመኑ ሞተር ኤሌክትሪክ ካላገኘ ናፍጣ አይስብም" አለ። "ብትገፏት ብትገፏት አትነሣም።"

ይህን እኔ ላስተምረው የሚገባኝ ሰው ነበርኩ።

ቃሬዛው የወጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ገና ከማለዳው ብንነሣ ኖሮ ግማሹን መንገድ አልፈን እንሆን ነበር። የእድሩ ወንዶች በአራት በአራት እየተፈራረቁ ተሸከሙ። መንገድ ላይ ያረፈ የለም አልልም፤ ሁሉም ግን ሮጧል። እኔም ዕድሜዬን ረስቼ ተራ ገባሁ። የቃሬዛው እንጨት ትከሻዬን ሲበላኝ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንድ ነገር ያመኝ ነበር።

አንድ ጊዜ በእኔ ተራ፣ ከራስጌው በኩል ሆኜ፣ አያ መልካሙ ስሜን ጠሩ።

"መምህር።"

"አለሁ፣ አያ።"

"ያን ዕለት ተኛች ብየህ ነበር።"

"ብለውኛል።"

"እ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

የደብረ ታቦር ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ የሚታይበት ዳገት አለ። እዚያ ስንደርስ የፊተኞቹ "ደረስን፣ ደረስን" እያሉ ፈጠኑ። ከጎናቸው የሚሄዱት እትዬ ጥሩወርቅ ግን የባላቸውን እጅ እንደያዙ ቆሙ። "አስቀምጧቸው" አሉ። "በቃ፣ ልጆቼ፣ አስቀምጧቸው።" ቃሬዛውን ቀስ ብለን መንገዱ ዳር አወረድነው። ቄስ ሞገስ ካባቸውን አውልቀው ሸፈኗቸው። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተመልሰን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቃሬዛ ይዘናቸው ሄድን፤ ሲመለሱ መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል።

ዮሐንስ የመጣው ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲከፈት ነው። ብቻውን ነበር። ከባሕር ዳር አዲስ ባትሪ ገዝቶ በካርቶን ይዞ መጣ፤ አስቀድሞ ገምቶ ነው፣ መካኒክ ሰው ነው። መኪናዋን ያኔ ገፍተን ግቢዬ መልሰናት ነበር፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ቁልፉ ተሰጠው። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አሮጌውን ፈቶ አዲሱን አሰረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ያን ድምፅ ስሰማ ከግቢዬ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ሲጠራኝ ተመለስኩ። ቁም ሣጥኑን ሁሉ እየከፈተ ያያል። ስኳሩ በቆርቆሮው፣ የሚስቱ መነጽር በአልጋው ራስጌ፣ ሁሉም እንደተወው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሄደበት አገር ሁሉ እንደዚህ ያለ ሕዝብ እንዳላየ ነገረኝ፤ እኔም ለቆሙት ሰዎች አስተረጎምኩ። መዝገቡ ላይ እንዲፈርም አቀረብኩለት፤ "ንብረቴን ምንም ሳይነካ ተረክቤያለሁ" የሚለው ጽሑፍ የወደቀው የአያ መልካሙ ፊርማ ከተንሸራተተበት መስመር ቀጥሎ ነው። ዮሐንስ ጣቱን እዚያ ፊርማ ላይ አድርጎ ይህን ሰው ላመስግነው፣ የት አለ አለኝ። ሞቷል አልኩት። በምን? በሕመም። ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። የቀረውን አልነገርኩትም፤ ወረቀቱ ላይ ሰው ከታመመ ተጠቀሙባት ብሎ የጻፈ ሰው ምን ይባላል?

አሮጌውን ባትሪ ትቶልኝ ሄደ። ጥቂት ቀን ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሳየው ሰነበትኩና ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ባትሪ ሞይ ወሰድኩት። በማግስቱ ስመለስ ሰውየው በጨርቅ እየጠረገ "ለመኪና አይሆንም፤ ለመብራትና ለሬዲዮ ግን ገና ይሠራል" አለኝ። "ምንም አልነካውም እኮ። ተርቦ ነው።"

ለእትዬ ጥሩወርቅ ወስጄ አንዲት አምፖልና የአያን ሬዲዮ አገናኘሁላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። በየአሥራ አምስት ቀኑም እየሄድኩ ወስጄ አስሞላዋለሁ። እንደምታዩት አሁን ሥራዬን አውቄያለሁ።

ባለፈው ስሄድ ግን አላስቻለኝም። ሽቦውን እያሰርኩ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ "እትዬ፣ ያች ቀይ መብራት የጠፋች ዕለት ባትሪው እንደሞተ እኔ አውቄ ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

ማሰሬን ትቼ ቀና አልኩ። "ማን ነገረዎት?"

"እሳቸው ናቸዋ። የዚያን እሑድ ከቅዳሴ ገብተው ገና ሳይቀመጡ፣ 'መኪናዋ ሞታለች፣ መምህርም አውቋል፣ ዓይኑን አይቼዋለሁ' አሉኝ። እንግዲያ ሳጥኑን ያስከፍቱና ይታያ አልኳቸው። 'እኔ ይከፈት ብል ዳኛው መኪናዋን ተመኛት ይሉኛል፤ መምህር ያንሣው' አሉ። አንተን ሲጠብቁ ነበር የሰነበቱ።"

እኔ ደግሞ እሳቸውን ስጠብቅ ነበር። ሽቦውን እንደገና ማሰር ጀመርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

"ስንት ደቂቃ ነበር የሚበቃት?" አሉኝ።

"ሃያ።"

"በየስንት ቀኑ?"

"በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እትዬ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ከፈቱ። ዜና ነበር የሚነበበው። ወዲያው ድንግጥ ብለው ድምፁን ዝቅ አደረጉት፤ ጆሯቸውን ካላስጠጉ በቀር እንዳይሰማ አድርገው። "ባሏ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሬዲዮ ታስጮኻለች ይሉኛል" አሉ። እኔም ተነሥቼ በሩን ገርበብ አደረግሁላቸው።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምሳ እያቀረበች "ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል?" አለችኝ። "ሴትዮዋ ቤት በየአሥራ አምስት ቀኑ ምን አለ ይላሉ።"

እንጀራው እንደገና አፌ ውስጥ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ዋጥኩት። ባትሪውን አስሞላዋለሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አስሞላዋለሁ፣ ምሏል በሉኝ። ብቻ አሁን በጆንያ አድርጌ፣ በጓሮ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው።